ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቴ ላይ ሲያድር፣
እኔ ነኝ ደረቅ ቅጠል እዚህ የምቆጥር።
ሦስት የብረት ቁም ሣጥን፣ አንዱ በሩ እንቢ ያለ፣
የናፍታሊን ሽታ ቤቴ ድረስ የተከተለ።
ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «መጋዘን መጣች» ትላለች፣
ሳቋን ሳትጨርስ ሹራቤን ታራግፋለች።

ሥራዬ ይኸው ነው፦
ብል የበላውን መለየት፣ የላላውን መስፋት፣
የደበዘዘ ጽሑፍ ሳይጠፋ ማጉላት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከታችኛው እርከን፣
ሲባጎው እንዳለ፣ ያልተፈታ እሥር አገኘሁኝ አንዱን።
መጠቅለያው ጋዜጣ፤ ሚያዝያ ስድሳ አምስት።
የኳስ ውጤት አለበት፤
የሳሙና ማስታወቂያ፤
የአንድ ሹም ጉብኝት፣ የድልድይ መመረቂያ።
ገጽ በገጽ ገለጥኩት። ስለ ወሎ ዝም።
ስለዚያ ክፉ ቀን አንዲት መስመር የለም።

ከዝምታው መሀል ግን አንድ ቅጠል ተኝቷል፣
ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ፣ አረንጓዴው ሸሽቷል።

ስም፦ ሳማ።
ቦታ፦ የጎፍ፣ ከኮምቦልቻ በላይ፣ ከደኑ ጫፍ፣ የድንጋይ አጥር ሥር።
ከፍታ፦ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር።
ሰብሳቢ፦ ጓንጉል መኮያ።
ጥቅም፦ ያገሬው ሰው ቀቅሎ ይበላዋል።

ይኸ በቀለም ነው፤ ፊደሉ የቆመ፣ የተማረ ሰው እጅ።
ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈውም ያው እጅ ነው፣ የደከመ እንጂ፦

«ለድስቷ የለቀመችውን ነው የወሰድኩት።
ትልቁን ግንድ መርጣ ሰጠችኝ።
ልጆቿ ካጥሩ ላይ ያዩኝ ነበር።
ስሟን አልጠየቅኩም።»

የቀረውን እኔ ነኝ የምጨምረው፤ ማንም አልነገረኝ።
ግን ድምጿ መጣብኝ፣ ቁጭ አላስባለኝ፦
«አብሽር የኔ ጌታ፣
ከሥሩ ጨብጠው፣ እጅህ አያመንታ።
ሳማ እሚለበልብ የፈራውን ነው፤
እኛማ ፍርሃቱን ከእህሉ ጋራ ጨረስነው።»

የመስክ መዝገቡን አወጣሁ። ጓንጉል ቃል አያጥረው፣
ላንዲት አበባ ገጽ ሙሉ የሚያወራ፦
ቁጥር አርባ፣ እንጆሪ፤ «ገራዶ መንገድ ላይ። ሁለቱን በላኋቸው።»
ቁጥር መቶ አሥራ ስምንት፣ ጽድ፤ «ሥሩ ዝናብ አሳለፍኩ።»
ቁጥር መቶ ሰባ፣ ስሙን ያላወቀው፤ «ቦርከና ዳር። ጠረኑ የአዲስ ሙሽራ።»
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ቁጥሩ ብቻ አለ።
ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፣ እስከ ሽፋኑ ድረስ፣ ማንም እንዳልዋለ።

ጠየቅሁ።
ዘበኛችን ሙሄ «ሞቷል» ይላል፣ የትና መቼ ሳይል።
ጡረታ የወጡት እትዬ ንጋቷ ግን
«ሰኞ ገበያ አይቼዋለሁ» ይላሉ፣ «እህል ሲሰፍር።
ቁናው ሞልቶ ሲፈስ
አናቱን አይልግም ነበር፤
ነጋዴው ሁሉ ይስቅበት ነበር።»
የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም።

የቅጠሉ ክር ላልቷል። ልሰፋው ጓንቴን አወለቅሁ፣
መርፌው እንዳያዳልጠኝ።
ግንዱን ደገፍ አደረግሁት፣ በስሱ፣ እየፈራሁ፤
ለበለበኝ።
ከሃምሳ ዓመት በላይ ጋዜጣ ውስጥ ተኝቶ፣
ውሃው ደርቆ፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣
ለበለበኝ።

ሲመሽ በባጃጅ ወደ ቧንቧ ውሃ ስወርድ
ጣቴ ከንፈሬ ላይ፣ ሒሳቡ በግራ እጄ።
ነጂው፣ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ በመስታወቱ አየኝና
«ምን ነካሽ እቴ?» አለ።
«ሳማ» አልኩት።
ፍሬኑን ያዝ አደረገ፤ አስፋልቱን አየ፣ ጉሙን አየ።
«እዚህ? የት ጋ?»